የሴት አይጦች ልማድ

ጎባ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ከውርጭ አገር ወደ በረዶ አገር ለተሻገረችው፣ ለሟች ወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጄ ለእኅተማርያም፤

ብርዱ እንዴት ይዞሻል? ጎባ ያደገ ሰው ብርድ ምን ያደርገዋል ብለሽ እንዳትታበዪ። የእኛው ብርድ ረፋድ ላይ ሲለቅ የስዊድኑ መንፈቅ ይከርማል አሉ። እኔ አጎትሽ ተሰማ በፈጣሪ ቸርነት ጤናዬ ምንም አይልም፤ ጉልበቴ ብቻ ቁልቁለት ሲያይ ያጉረመርማል።

የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። ነጭ ካፖርት ለብሰሽ ሳይሽ እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ፎቶግራፉን መሥሪያ ቤት ወሰድኩት፣ ማኅበር ላይ አሳየሁት፣ ከዚያ ጀይላን ሱቅ ይዤው ገባሁ። ጀይላን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «ማሻአላህ! ይቺ ናት እንዴ ከረሜላ ካልሰጠኸኝ ብላ ባንኮኒዬ ላይ የምትንጠለጠለው?» አለ። እስኪመሽ ድረስ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያሳይልኝ ዋለ።

አንድ ነገር ግን አስቸግሮኛል። «ምን ትሠራለች?» ይሉኛል። «ከአይጥ ጋር ትውላለች» ስል ይስቃሉ። ቄስ ወልደጊዮርጊስማ፣ «አይጥ ፍለጋ ስዊድን ድረስ? የእኛ ጎተራ ምን አጥቶ! ካነሰም የሳነቲ ተራራ ፍልፈል አለላት» ብለው ማኅበርተኛውን አሳቁብኝ። ስለዚህ ሥራሽን ቁልጭ አድርገሽ ጻፊልኝና ለሰው ላንብበው። እንደምታውቂው እዚህ ከተማ ደብዳቤ ያላነበብኩለት ሰው የለም። ከሥራ ስወጣ ደጃፍ ላይ ወረቀት ይዞ የሚጠብቀኝ አይጠፋም፤ እነሱን ሳስተናግድ ይመሽብኛል። የሰው ደብዳቤ ስይዝ አንዲት ቃል አልዘልም። ሞትም ቢሆን ስድብም ቢሆን የተጻፈውን ለባለቤቱ አደርሳለሁ። በራሴ ልጅ ደብዳቤ ላይ አላዋቂ ሆኜ መቅረቱ ግን አይሆንልኝም።

ባለቤቴ፣ እትዬሽ ሠርከአዲስ ደህና ናት።

የንባብ መነጽር እዚያ የሚገኝ ከሆነ አንድ ላኪልኝ። አምላከ ቅዱሳን በወጣሽበት ይጠብቅሽ።

ኩራቱን መደበቅ ያልቻለው አጎትሽ
ተሰማ


ኡፕሳላ፣ ኅዳር 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ላሳደጉኝ፣ ለሚናፍቁኝ ለጋሼ ተሰማ፤

ጤናዎን፣ የጉልበትዎን ነገር፣ የቤቱን ሁሉ ደኅንነት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ፀሐይ እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አርፍዳ ገብታ ቶሎ ትወጣለች እንጂ ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው። መነጽሩን ልኬያለሁ።

ቄስ ወልደጊዮርጊስን ሰላም ይበሉልኝና መልሱን ይንገሯቸው። አይጦቹ የሚኖሩት በሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት አለች። አይጧ ብረቷን ስትጫን በቀጭን ቱቦ መድኃኒት ይደርሳታል። መድኃኒቱ ሐኪም ለብርቱ ሕመም የሚያዝዘው ዓይነት ነው፤ ሲደጋገም ግን ሰውንም አይጥንም ያስለምዳል። እኛ የምናየው አይጧ መድኃኒቱን ምን ያህል እንደምትፈልገው ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምትጫን፣ ስንከለክላት ምን ያህል እንደምትታገል። ሰው ከሱስ እንዴት እንደሚላቀቅ ለማወቅ መጀመሪያ ፍላጎቱ ከየት እንደሚነሣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስመጣ ሳጥኖቹ ውስጥ ያሉት በሙሉ ወንዶች ነበሩ። «ሴቶቹስ የታሉ?» ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። «ሴቶቹ ልማድ አላቸው፤ ቁጥራችንን ያበላሹብናል» አለኝ። «ታዲያ የሚያበላሸውን ነገር ለምን አናጠናውም?» አልኩት። ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ተቆጣ ስል በማግስቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለችውን ክፍል ከፍቶ፣ «ይኸው፣ ሴቶቹን አምጪና አበላሺ» አለኝ። ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ያለው ነው፣ ጋሼ። ዕድሜውን በሙሉ ያላሰበውን ነገር ከእኔ ሰምቶ ቁልፍ ሰጠኝ።

እስካሁን ያየሁት ሴቶቹ ልማዳቸው ከፍ ሲል ብረቷን አብዝተው መጫናቸውን ነው። ሥራዬን በአንድ መስመር ተናገሪ ቢሉኝ «የሴት አይጦች ልማድ በመድኃኒት ልማድ ላይ ያለው ኃይል» እላለሁ። ከዚህ በላይ አብራርቼ ለእርስዎ ለመጻፍ አፍራለሁ። እትዬ ይገባታል።

እትዬን ካነሣሁ፣ ከደብዳቤዎ ግርጌ የእሷን ምርቃት ፈልጌ አጣሁ። ሁልጊዜ «ይጻፉልኝ» ብላ አንድ መስመር ታስጽፍዎት ነበር። አሟት ይሆን? ደህና ናት የሚለው ቃል ለእሷ አነሰብኝ።

እግርዎን የምስም ልጅዎ
እኅተማርያም


ጎባ፣ የካቲት 25 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለአዋቂዋ፣ ለቤታችን መብራት ለእኅተማርያም፤

ጾሙን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምሽ። መልስ ያዘገየሁት ጨክኜብሽ አይደለም፤ ብዙ ነገር ተደራርቦብኝ ነው።

መነጽሩ ደርሶ በእሱው ደብዳቤሽን ማኅበር ላይ አነበብኩት። አንዲት ቃል አልዘለልኩም። ስለ ሳጥኑና ስለ ብረቷ ሳነብ ጠላ የሚቀዳው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ቄስ ወልደጊዮርጊስ፣ «እኔ ቀልጄ ነበር፤ ልጅቷ ለካ የሰውን ልጅ ከባርነት ልታወጣ ነው» ብለው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። አለቃሽ ቁልፍ የሰጠሽ ዘንድ ስደርስማ ተነሥቼ ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። የባሌ ልጅ ፈረንጅን ያላሰበውን አሳሰበችው! ይህን ለማየት ያደረሰኝ አምላክ ይመስገን።

አሁን አንድ ጉዳይ ላማክርሽ። የማውቀው አንድ ሰው አለ። ሚስቱ አረቄ ትጠጣለች። አረቄውን በቅቤ ቅል ውስጥ ትደብቃለች፤ ሽታው እንዳይታወቅ ጤና አዳም ታኝካለች። «ተውኩ» ትላለች፤ ሰሞኑን ደህና ትሆንና ሰውየው ተመስገን ሲል ተመልሳ ትገኛለች። ሰውየው በከተማው የተከበረ ነው፤ ገመናው አደባባይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ አስቀምጦ ሰማንያውን ሊቀድ ቆርጧል።

ያንቺ ደብዳቤ ለዚህ ሰው ትልቅ ብርታት ሆኖታል። ሴት ልማዷ ከወንድ የበረታ መሆኑን ሳይንስ ራሱ መሰከረ። የሴት አይጦች ልማድ ከፍ ሲል መድኃኒቱን አብዝተው ይፈልጋሉ ብለሽ በእጅሽ ጽፈሻል። እንኳን ሰው አይጥም! የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ያሉት አባቶቻችን ያለ ነገር አይደለም። እንግዲህ ሰውየው ጥፋተኛ አለመሆኑን፣ ሴቲቱም የማትመለስ መሆኗን ሽማግሌዎቹ እንዲያውቁት ይህንኑ ቃል በአጭሩ ጽፈሽ፣ የመሥሪያ ቤትሽን ማኅተም አስመትተሽ ላኪልኝ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ክብደት እንደሌለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

እትዬሽ ደህና ናት።

አጎትሽ ተሰማ


ኡፕሳላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ ተሰማ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ሙሉ ነው፤ ዛሬ ግን ቸኩያለሁና ይለፉኝ። ማኅተሙን አልልክም። የምነግርዎትን ግን እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ያፈርኩበት ቃል ይኸው፦ የወር አበባ። «የሴት አይጦች ልማድ» ያልኩት እሱን ነው። በስተርጅና ከሣራ ተቋረጠ ሲባል ቤተ ክርስቲያን የሰሙት ልማድ ማለት ነው። ጠባይ ማለቴ አይደለም፣ ክፉ አመል ማለቴም አይደለም። ይሉኝታ ይዞኝ ቃሉን ሸፍኜ ብጽፍ ይኸው ሽፍኑ ሰው ሊጎዳ ነው።

አይጥ እንደ ሰው በየወሩ አትደማም። ግን በየአራት በየአምስት ቀኑ ለመፅነስ የምትዘጋጅበት ጊዜ አላት። ያን ጊዜ ማኅፀኗ አጠገብ ካሉት ዕጢዎች ሆርሞን የሚባል ነገር ወደ ደሟ ይለቀቃል። ሆርሞን መልእክተኛ ነው፤ በደም ተሳፍሮ አንጎል ድረስ ይደርሳል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሲበዛ አይጧ ብረቷን ደጋግማ ትጫናለች፣ ብንከለክላትም ትታገላለች። ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሌላው መልእክተኛ ሲከተል ረገብ ትላለች። ዕጢዎቹን ያወጣንላቸው አይጦች ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ ኤስትሮጅኑን በመርፌ ስንመልስላቸው ፍላጎቱም አብሮ ተመለሰ። የሴቲቱ ፍላጎት ይወጣል፣ ይወርዳል። የወንዶቹ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ አላየሁም፤ ዛሬም ነገም ያው ናቸው።

ከአይጦቼ አንዷን ዝምተኛ ስለሆነች ጫሊ ብያታለሁ፤ ኦሮምኛውን እዚህ የሚያውቅብኝ የለም። ጫሊ በአንዳንዱ ቀን ብረቷን እስክትታክት ትጫናለች። በሌላው ቀን ደግሞ ወደ ብረቷ ትጠጋና አሽትታት ጀርባዋን ሰጥታ ትተኛለች። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ሳጥኑ ያው ነው፣ አይጧም ያቺው ናት። እኔ እሷን ስመለከት እደነቃለሁ። በዚያ ሁሉ ጥሪ መካከል ፊቷን የምታዞርበት ቀን አላት።

አይጥ ሰው አይደለችም። ይህ በሰውም ላይ እንዲሁ ነው ብዬ የምምልበት ማስረጃ የለኝም፤ ሥራዬም ገና ጅምር ነው። ነገር ግን በእኔ አይጦች ሳቢያ አንዲት ሴት ከቤቷ ብትወጣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

የሚያውቁት ሰው ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። እኔ የማውቃትን ሴት ግን ልንገርዎት። አባቴ ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ልጅቷ ትዳር ትያዝ ያለ ጊዜ፣ ያቺ ሴት በእንግዳ ፊት ተነሥታ፣ «ይቺን ልጅ የሚፈልግ ባል ካለ መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ደጅ ይጥናት» አለች። በረዶ ሲጥል ነጠላዋን በእኔ ላይ ደርባ ትምህርት ቤት አድርሳኛለች፣ እሷ ርሳ። በዓለም ላይ እንደ እሷ ደፋር ሰው አላየሁም። ይህን ደብዳቤ ለሽማግሌዎቹ ያንብቡላቸው።

እኅተማርያም


ጎባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእኅተማርያም፤

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለአባት ወንድም እንዲህ ያለ ቃል አይጻፍም። የፈረንጅ አገር ትምህርት ልብ ይሰጣል ብዬ ነበር፤ ለካ የሚያስከፍተው አፍ ነው። ደብዳቤውን አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ለማንም አላነበብኩትም፣ አላነብምም። ያልተጻፈልኝን አንብቡልኝ የሚል ሽማግሌ የለም።

እትዬሽ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ዲንሾ ከተማ ወንድሟ ዘንድ ናት። ሽማግሌዎቹም ባል ብቻውን በሚናገርበት አንቀመጥም ስላሉ ሰኔ ላይ ወደዚያው እንሄዳለን።

ምንም እንድትልኪልኝ አልፈልግም።

ተሰማ


ኡፕሳላ፣ ግንቦት 28 ቀን 1963 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህ ደብዳቤ በእርስዎ ስም ይምጣ እንጂ የደብዳቤው ባለቤት እትዬ ሠርከአዲስ ናት። እርስዎ የሰው ደብዳቤ ይዘው አንዲት ቃል ዘለው አያውቁም። በዚህ አምንዎታለሁ፤ ከማንም በላይ አከብርዎታለሁም።

እትዬዬ፣ ዓይኔ፣ ነፍሴ፤

እንዴት ነሽ? የዲንሾ ገብስ አሸተ? ወንድምሽ ምድጃ አጠገብ አስቀምጦሻል ወይስ እንደ እንግዳ መደብ ላይ?

አረቄውን አውቃለሁ። ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር። ጤና አዳም የሸተትሽኝ ቀን አብዝተሽ ታቅፊኝ ነበር፤ እኔም የምወደው ሽታ ሆኖ ቀረ። ይህን ስነግርሽ እንድታፍሪ አይደለም። አንቺን የምወድሽ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ እንዳይመስልሽ ነው።

እዚህ የማጠናው ነገር ሴት አይጦች በየልማዳቸው፣ በአንቺና በእኔ ቋንቋ በወር አበባቸው ሰሞን እንደማለት ነው፣ መድኃኒት የመፈለጋቸው ነገር እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል ነው። በደማቸው ውስጥ የሚዘዋወረው ነገር አንዴ ይገፋቸዋል፣ አንዴ ይለቃቸዋል። በሰው ላይ እንዲህ ይሁን አይሁን ገና ማንም አላረጋገጠም። ስለዚህ ልንገርሽ ሳይሆን ልጠይቅሽ ነው። አንቺስ? በአንዳንዱ ሰሞን ይቀልልሽ ነበር? ሌላውን ሰሞን ደግሞ ግድግዳ ያስቧጥጥሽ ነበር? «ተውኩ» ስትዪ የነበረው በሚቀልልሽ ጊዜ ነበር?

ከሆነ፣ እትዬ፣ አልዋሸሽም። ተውኩ ያልሽ ዕለት ትተሽ ነበር። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ሳይሆን ጫሊ የምትባል አይጥ በየቀኑ ስለምታሳየኝ ነው። የተነሣ ሰው መልሶ ቢወድቅ መነሣቱ ሐሰት አይሆንም።

ይህ በሽማግሌ ፊት ይነበብ። ስለ ሴት ልማድ በወንዶች ጉባኤ መናገር ነውር ከሆነ ነውሩ ጸሐፊዋ ላይ ይሁን። አንቺ ምንም አላደረግሽም።

ያሳደግሻት
እኅተማርያም


ጎባ፣ ነሐሴ 22 ቀን 1963 ዓ.ም.

ከኮራሁብሽ በላይ ለምኮራብሽ ለልጄ ለእኅተማርያም፤

ፍልሰታን ያስፈታ አምላክ አዲሱን ዓመት ያሳይሽ። ምን ያህል እንደጠበቅሽ አውቃለሁ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች አንብቤ ኪሴ ከተትኩት። በራሴ ሞያ አሠርሽኝ፣ አንቺ ተንኮለኛ! የሌላ ሰው ደብዳቤ ሆነብኝ። ላቃጥለው አሰብኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቄስ ወልደጊዮርጊስንና ጀይላንን ይዤ ጉዞ ጀመርን። ከሮቤ ወጣ እንዳልን የጫነን መኪና ጭቃ ያዘው። ቀሪውን መንገድ በፈረስ፣ ዝናብ እየጠጣን ዲንሾ ገባን። ሦስተኛው ሽማግሌ የወንድሟ ጎረቤት ኦቦ ጉሉማ ነበር። ታውቂዋለሽ፣ ያ ፈረሶች የሚያረባው።

እትዬሽ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ተቀምጣለች። እኔ ክሴን አሰማሁ። ጽፌ ይዤው ነበር፣ ቁጥር ሁሉ ሰጥቼዋለሁ። ቄሱ፣ «ልጄ፣ የምትይው የለም?» ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ያኔ ነው ኪሴ ውስጥ ያለው ነገር የከበደኝ። አውጥቼ፣ «ለእሷ የተጻፈ ደብዳቤ አለ» አልኩ።

ስለ ገብሱና ስለ ምድጃው ሳነብ ትንሽ ፈገግ አለች። ስለ ጤና አዳሙ ሳነብ ጋቢዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ቃል ዘንድ ደረስኩ። ቆምኩ። አሳለኝ። «መነጽሩ ጭጋግ ያዘው» አልኩ።

«አንብብ!» አለች።

ልጄ፣ ያቺ ሴት በትዳር ዘመናችን በሙሉ ከአንቱታ ወርዳብኝ አታውቅም። «አንብብ! የእኔ ደብዳቤ ነው» አለችኝ። አነበብኩት። ጮክ ብዬ፣ አንዱንም ሳልዘል አነበብኩት። ቄስ ወልደጊዮርጊስ ጣራውን ያዩ ነበር። ጀይላን «አስተግፊሩላህ» ብሎ ወደ ጢሙ አጉረመረመ።

ስጨርስ ቀድሞ የተናገረው ጉሉማ ነው። «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አለ። «ላም እንኳ ሰሞኗ ሲደርስ አጥር ትጥሳለች። ሰሞኗ ሲያልፍ ሕፃን ይነዳታል። አጥር ጣሰች ብሎ ላሙን ያባረረ ሰው በዲንሾ አላየሁም።»

«ኦቦ ጉሉማ፣ እኔ ላም አይደለሁም» አለች እትዬሽ።

«ዱጋ ነው፣ አይደለሽም። አጥሩስ የታል? ባልሽ እኮ ጎባ ለጎባ የሰው ወረቀት ሲያነብ ነው የሚያመሸው!» አለና ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ እሷ ተናገረች። ሦስተኛው ልጃችን በተቀበረ ሰሞን ሴቶቹ ሰውነትሽን ያሙቀው ብለው አረቄ ሰጧት፤ እኔ አላውቅም ነበር። «ጡቴ ወተት ይዟል፣ ልጅ የለም» አለች። «ከዚያ ወዲህ ሰሞን አለው። ሲጠራኝ ግድግዳ ያስቧጥጠኛል። ሲለቀኝ ጠርሙሱን ማየት ያስጠላኛል፤ ያን ጊዜ ነው ተውኩ የምለው። ትቼም ነበር። በየወሩ ትቼ ነበር። ውሸታም ሲለኝ ግን እውነት ውሸታም የሆንኩ መሰለኝና መናገሩን ተውኩት።»

የእሷ ሰሞን ከአይጦችሽ ሰሞን ጋር ይግጠም አይግጠም እኔ አላውቅም፤ አንቺም እንደማታውቂ ጽፈሻል። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ይህች ሴት ረዳት ሳይኖራት፣ ያመናት ሳይኖር፣ በየወሩ ስትታገል ኖራለች፤ ወድቃ በተነሣች ቁጥር ደግሞ እኔ ሰድቤያታለሁ። አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ግን አደነቅኋት። በሽማግሌ ፊት፣ ወንዶች በሞሉበት ቤት፣ ጋቢዋን ከፊቷ አውርዳ ያን ሁሉ ስትናገር በዚያች ነጠላ አንቺን በረዶ ያሻገረችውን ሴት አየኋት።

ቄስ ወልደጊዮርጊስ፣ «ሰማንያው ይቀደድ ወይስ ይቆይ?» ሲሉ «ይቆይ» አልኩ። «እኔስ መች ተጠየቅኩ?» አለች እሷ። ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ጠየቋት። «ስወድቅ የማይቆጥርብኝ ከሆነ፣ ስነሣ የሚያምነኝ ከሆነ እመለሳለሁ» አለች። ጀይላን፣ «ወላሂ፣ ከዚህ የበለጠ ፍርድ እኛም አናውቅ» ብሎ ተነሣ። የሐምሌ አቦ ዕለት ቤቷ ገባች።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽሽም። ከመጣች ወዲህ ወድቃ ታውቃለች። ያን ዕለት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ደብዳቤ ለሚያስነብቡኝ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ኑ ብያቸዋለሁ፤ አኩርፈዋል፤ ያኩርፉ። አሁን ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። እትዬሽ «እኔም ቃል አለኝ፣ ጻፍ» ስላለችኝ ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው፤ ምንም አልቀነስኩም።

«እኅተማርያም፣ ማኅፀኔ ያልወለደሽ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ተነቦልኛል። ያችን ጫሊ ያልሻትን አይጥ ማሰብ ይዣለሁ፤ ሽሮ ስነካካ ሁሉ ትዝ ትለኛለች። አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። በዚያ ሳጥን ውስጥ ከዚያች ብረት ሌላ ምን አለ? የምትልሰው ልጅ የላት፣ የምትቆፍረው አፈር የላት፣ የምትጠጋው ሌላ አይጥ የላት? ብቻዋን ናት? ብቻዋን ከሆነች ብረቷን ትጫን እንጂ ምን ታድርግ፣ ልጄ? ፊቷን የምታዞርበት ቀን መኖሩ ነው እኔን የገረመኝ፤ ጀግና ናት። እባክሽ ለአለቃሽ ንገሪውና አንዲት ጓደኛ አስገቡላት። እኔም አንድ አስገብቻለሁ፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይኸው ይጽፋል።»